አንቱ እያለ የሚማታው ተከላካይ

ሎርን ደምቹክ የበረዶ ላይ ሆኪን እንጀራው ያደረገው በስህተት ሰው ጥሎ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 1977 የካቲት ላይ፣ ሳስካቸዋን ውስጥ፣ ዙሪያውን የስንዴ ማሳ በከበበው አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሎርን ሃያ ዓመቱ ነበር፤ የወጣቶች ቡድን ተከላካይ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና አራት፣ ክብደቱ መቶ ሁለት ኪሎ ነው። ፓኩን፣ ያንን ጥቁር የጎማ ክብ፣ ከኋላ ይዞ ተነስቶ ለአጥቂዎች እግር ስር በማድረስ ይመሰገናል። ሰው ገፍቶ ከጣለ ደግሞ ቆም ብሎ ያነሳል፤ በዚህ አሰልጣኞቹ ብዙ ጊዜ ተቆጥተውታል። በዚያ ቀን የጫማው ብረት የበረዶው ስንጥቅ ውስጥ ገባና ተደናቀፈ። ሚዛኑን ለመጠበቅ እጁን ሲወረውር፣ ጓንቱ የተጋጣሚውን ቡድን አምበል መንጋጋ አገኘው። አምበሉ በቃሬዛ ወጣ። ሎርንም የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ አብሮ ወጣ።

በተመልካቹ መካከል ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የመጣ አንድ ተጫዋች መልማይ ተቀምጦ ነበር። የመጣው ሌላ ልጅ ለማየት ነው። ከፔርሙዙ ሻይ ሲቀዳ መደናቀፉ አመለጠው፤ ቀና ሲል ያየው የተዘረረውን አምበልና አጠገቡ የቆመውን ሎርንን ብቻ ነው። ማስታወሻው ላይ "በአንድ ምት። ፊቱ ላይ ቁጣ እንኳ የለም" ብሎ ጻፈ።

በመስከረም ሎርን ኦንታሪዮ ውስጥ ወዳለችው የወረቀት ፋብሪካ ከተማ፣ ወደ ፖርት ላንድሪ ተጠራ። የከተማዋ ቡድን "እንጨት ቆራጮች" ይባላል፤ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት፣ ለትልቁ ቡድን ሰው የሚያበስል ቡድን ነው። አሰልጣኙ ዋልት ክራንዴል ሃያ ዓመት ተጫውተው ከፊት ጥርሶቻቸው አንዷን ይዘው የወጡ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሎርንን ቢሯቸው አስጠሩት።

"ለምን እንዳመጣንህ ታውቃለህ?" አሉት።

"ለመከላከል ነው።"

"ምኑን?"

ሎርን ጥያቄው ፈተና መስሎት አሰበበት። "ጎላችንን።"

"ጎሉ በረኛ አለው። አንተ የምትጠብቀው ላቮይን ነው።"

ዴኒ ላቮይ የቡድኑ ዋና ጎል አግቢ ነው። ከኩቤክ የመጣ፣ ሎርን ደረት ላይ የሚደርስ፣ በበረዶ ላይ እንደ ዓሣ የሚሾልክ ሰው። ጎል ያገባል፤ ካገባ በኋላ ይሳደባል። ሳያገባም ይሳደባል። ስለዚህ በየከተማው ሊመታው የሚፈልግ ሰው አለ።

"እኔ እኮ ሰው መትቼ አላውቅም" አለ ሎርን።

"መልማዩ በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል።"

"ተደናቅፌ ነው።"

ክራንዴል አዩት። መስኮቱንም አዩ፤ ከዚያ ተመልሰው እሱን አዩት። "ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ" አሉት። "ላቮይም ካንተ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚያድረው።"

የመጀመሪያው ጠብ በአራተኛው ጨዋታ መጣ። ተጋጣሚው የግሬንቪል ቡድን ነበር። ግሬንቪል ኧርኒ ማክራይ የሚባል ሰው አላት፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ በዚሁ ሊግ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ፣ ቅንድቡ ከመሰፋቱ ብዛት መነሻው የማይታወቅ። ሥራውም ያው የሎርን ሥራ ነው። ላቮይ ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ ሰውየውን አልለቀቀውም።

"አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ ይወድቃሉ" ይለዋል ባጠገቡ ሲያልፍ። ሲመለስ ደግሞ፣ "አያቴ እኮ ካንተ ይፈጥናል። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው።"

ማክራይ ይህን ሲሰማ ፓኩን ትቶ ወደ ላቮይ ዞረ። ላቮይ እንዳመሉ ሾልኮ ሎርን ጀርባ ገባ። "ቅሬታ ካለህ ለዚህ ግንድ ንገረው" አለ ከኋላ።

ማክራይ ጓንቶቹን ጣለ፤ በሆኪ ይህ ለጠብ መጥራት ነው። ሎርንም የእሱን አወለቀ፤ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ጎንበስ ብሎ በረዶው ላይ አስቀመጣቸው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከእርስዎ ጋር ምንም ጠብ የለኝም" አለ ሎርን።

የማክራይ እጅ አየር ላይ ቀረ። "ምን አልከኝ?"

"ጠብ የለኝም ነው ያልኩት። አሰልጣኙ ናቸው ያዘዙኝ።"

"እሱን ተወው። አንቱ ነው ያልከኝ?"

"በዕድሜ ይበልጡኛል ብዬ ነው።"

"ስማኝ ልጅ፣ ልንደባደብ ነው። አንተ በለኝ።"

"እሺ።"

"ከዚህ በፊት ተደባድበህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

ማክራይ ወደ ዳኛው ዞር ብሎ አየ፤ ዳኛው ትከሻውን ነቀነቀ። "በል ማሊያዬን በግራህ ያዝ። ከፍ አድርገህ፣ ትከሻው ጋ። እንደሱ። አሁን አገጭህን አውርድ።"

"እንዲህ?"

"እንደሱ" አለና አፍንጫውን በቀኙ መታው።

ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ደቂቃ ተፈረደባቸው። የቅጣት ቦታው ሁለት ጠባብ ክፍል ነው፤ መሃል ላይ ሰዓት የሚይዙ አንድ ሽማግሌ ቆብ አጥልቀው፣ የእንቁላል ሳንድዊች ይዘው ተቀምጠዋል። ሎርን አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ተቀመጠ።

"ተሰበረ?" አለ ማክራይ በሽማግሌው ራስ ላይ አሻግሮ።

"አላውቅም። ተሰብሮብኝ አያውቅም።"

"ነካ አድርገው። ድምፅ ካሰማ ተሰብሯል።"

ሎርን ነካው። "ድምፅ አለው።"

ሽማግሌው ማኘካቸውን አቁመው ሳንድዊቹን በወረቀቱ ጠቀለሉት።

"ከየት ነህ?"

"ከቤልዳክ። ሳስካቸዋን ነው። ስንዴ ነው የምናመርተው።"

"ሁላችሁም ስንዴ ነው የምታመርቱት" አለ ማክራይ። "የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አየሁህ። ፓክ ታቀብላለህ፤ ያውም ሳታይ። ማነው ያስተማረህ?"

"ከብቶቹ የሚጠጡበት ኩሬ አለን። ክረምት ሲቀዘቅዝ ከወንድሜ ጋር እንጫወትበታለን። ያላቀበልከው እንደሆነ ያኮርፋል።"

"ማቀበልህን እንዳትተው።"

"በአንድ ጨዋታ አራት ደቂቃ ነው የሚያሰልፉኝ።"

"አዎ" አለ ማክራይ። "እኔንም እንደዚያው ነበር።"

ላቮይ በማግስቱ ፍራሹን አንስቶ ግድግዳው ላይ አቆመውና ሎርንን ማሠልጠን ያዘ። "የኔ ፊት ነው ባንተ እጅ ያለው" ይለዋል። "ደህና ፊት ነው። አታበላሸው።" ላቮይ ራሱ በሕይወቱ አንድ ሰው መትቶ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ሲመታ በቅርብ ያየ ስለሆነ ደህና አስተማሪ ወጣው። ሎርንም ሲያሠሩት የሚሠራ ልጅ ነው። ኅዳር ላይ መሸነፉን ቀነሰ። የገና በዓል ሲደርስ ማሸነፍ ጀመረ። ማክራይንም አንድ ጊዜ ቅንድቡ ላይ አግኝቶት አራት ስፌት አሰፋው። የአንቱታው ወሬ ግን ከእሱ ቀድሞ በየከተማው ደርሶ ነበር። ሊገጥመው የሚመጣ ሁሉ ጓንቱን እየጣለ "እንደምን ዋሉ?" ይለዋል። ሎርንም "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይልና ይጀምራሉ።

እሁድ እሁድ ቤቱ ይደውላል። የቤልዳክ ስልክ አንዱ መስመር ለአራት ቤት ስለሆነ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ቢያነሳ ይሰማል፤ እሁድ ደግሞ ሁሉም ያነሳል። አባቱ ሃሪ መጀመሪያ ይቀርቡና የበረዶውን ቁመት ነግረውት ስልኩን ለእናቱ ለኔቲ ያስረክባሉ።

"በዚህ ሳምንት ማንን መታህ?" ትለዋለች ኔቲ።

"እማዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው።"

"ሥራህ መሆኑን ሰምቻለሁ። ማንን ነው የመታኸው?"

"ኪንሴላ የሚባል ልጅ።"

"ስሙን በደንብ ንገረኝ። የየትኛው ቡድን ነው? አፉን ነው ዓይኑን?"

"ኔቲ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ነው እንጂ ከኋላ አልመታም" የሚል ድምፅ ይገባል ከመስመሩ፤ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ቢሎስ ነው። "ጋዜጣው ላይ አንብቤዋለሁ።"

"ስቴፋ፣ ከልጄ ጋር እያወራሁ ነው።"

"ቀጥይ፣ ቀጥይ። እኔ ስልኩን ላጸዳ ነው ያነሳሁት።"

ሎርን እናቱ ስም የምትጠይቀው ለጸሎት መስሎት ነበር። እውነቱን ያወቀው በጥር፣ ግሬንቪል ለጨዋታ ሄደው ሰውነት ሲያሟሙቁ ነው። ማክራይ ወደ መሃል መስመር መጥቶ ቆመ።

"እናትህ ጻፈችልኝ" አለው።

"ማ?"

"እናትህ። ከኬክ ጋር።" ማክራይ ደብዳቤውን በቃሉ ይዞታል፤ እንዲህ የሚል ነው፦ "ውድ አቶ ማክራይ፣ ልጄ ሎርን ቅንድብዎ ላይ ጉዳት እንዳደረሰ ሰማን። እኛ እንዲህ አድርገን አላሳደግነውም። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ንጽሕናውን ይጠብቁ። የላክሁት የማር ኬክ ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካኖሩት ሁለት ሳምንት ይቆያል። ኔቲ ደምቹክ።"

ሎርን ጆሮው ቀላ። "ሁለት ሳምንት ቆየ?" አለ።

"ልጆቼ በአንድ ቀን ጨረሱት። ኪንሴላም ደርሶታል። የእሱ ትንሽ ደርቆ ነበር አለኝ።"

ወሬው ክራንዴል ጆሮ ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ሎርንን ጠሩት።

"እናትህ ለተጋጣሚዎቻችን ኬክ ትልካለች ይባላል።"

"ለመታኋቸው ብቻ ነው።"

"ለእኛስ ለምን አትልክም?"

"እናንተን አልመታኋችሁም።"

ክራንዴል ይህን ካሰቡበት በኋላ ሂድ አሉት።

መጋቢት ላይ፣ ሊጉ ሊያልቅ ሁለት ጨዋታ ሲቀረው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግሬንቪል ወደ ፖርት ላንድሪ መጣች። ከጨዋታው በፊት ክራንዴል ሎርንን ኮሪደሩ ላይ ያዙት። ከትልቁ ቡድን ሰው መጥቷል፤ ግራጫ ካፖርት ለብሶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። "የመጣው አንተን ለማየት ነው" አሉት። "ማክራይን ከጣልክ ማክሰኞ እዚያ ነህ።"

መልበሻ ክፍል ሲገባ ላቮይ እየሳቀ ጠበቀው። "የምሥራች ልንገርህ? የሰውዬው ቀኝ እጅ ተሰብሯል። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እንዳያባርሩት ደብቆ በፕላስተር አስሮት ነው የሚጫወተው። ግሬንቪል ያለው የአክስቴ ልጅ ነው የነገረኝ።"

ሎርን የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር። ፈትቶ እንደገና አሰረው።

"ደስ አይልህም?" አለ ላቮይ።

"አይለኝም።"

"አንተ ሰው ምን ቢሆን ነው ደስ የሚልህ?"

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሎርን ከማክራይ ሲሸሽ አለቀ። ማክራይ በግራ ሲመጣ እሱ በቀኝ ይሄዳል። በዚህ መሃል ከኋላ ተነስቶ በሁለት ሰዎች መካከል ለላቮይ ያቀበላት ፓክ ጎል ሆነች፤ በዓመቱ ካቀበላቸው ሁሉ እሷ ትበልጣለች። ክራንዴል ግን ከወንበሩ፣ "ደምቹክ፣ እዚህ ለሽርሽር ነው የመጣኸው?" ብለው ጮሁ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ማክራይ ራሱ መጥቶ ፊቱ ቆመ። "ና እንጂ" አለው።

"እጅህ ተሰብሯል።"

"ማን ነገረህ?"

"ላቮይ።"

"ላቮይ ወሬ ይወዳል። ያ ካፖርት የለበሰው ላንተ ነው የመጣው። አጠገቡ ያለው የኛ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እሱ የሚያየው ደግሞ እኔን ነው። ካልተደባደብን ሁለታችንም ሥራ አልገባንም ማለት ነው።"

"በግራህ ምታኝ። እኔ ልውደቅ።"

የማክራይ ፊት ተለወጠ። "እንደሱ ካደረግህ ሁለተኛ አላናግርህም" አለና ጓንቱን ጣለ።

ተያያዙ። ማክራይ በግራው አልመታም፤ በዚያው በተሰበረው ቀኙ መታው። ምቱ ሎርን ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ጩኸት የሚባል ነገር ከወጣ፣ የወጣው ከማክራይ ጉሮሮ ነው። ሁለተኛም ሊመታው እጁን አነሳ። ሎርን እጁ ሲነሳ እያየ፣ ይህ ሰው እስኪወድቅ ድረስ በዚህ እጅ መምታቱን እንደማይተው ገባው። ያን ጊዜ መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው። አልተደናቀፈም፣ አላዳለጠውም፤ አስቦበት፣ አገጩን አይቶ ነው።

ማክራይ ጉልበቱ ታጠፈ። ሎርን የሰውየው ራስ ከበረዶው ጋር እንዳይጋጭ ማሊያውን ሳይለቅ ቀስ አድርጎ አስተኛው። ዳኛው ለድብድቡ አምስት ደቂቃ፣ ሰው ይዞ ባለመልቀቅ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ጨመረበት።

ሰባት ደቂቃ ለብቻው ተቀመጠ። ማዶ ያለው ክፍል ባዶ ነው። አዳራሹ በሙሉ ስሙን እየጠራ ወንበር ይደበድባል። እጁን አየ፤ ምንም አልሆነም፤ ቆዳው እንኳ አልተላጠም። ሰዓት ያዡ ሽማግሌ ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ወደ እሱ ገፉለት። አልበላውም፤ ግን እንዳይቀየሙ ያዘው።

ማታውን ደወለ። አባቱ የበረዶውን ቁመት ነገሩትና እናቱ ቀረበች።

"ማንን መታህ?"

"ማክራይን።"

አራቱም ቤት ጸጥ አለ።

"ያንኑ ሰውዬ?"

"ያንኑ።"

"ኬኩን ልጆቹ የወደዱለትን?"

"አዎ።"

ቀጭ አለ፤ ወይዘሮ ቢሎስ ስልኩን ዘጉ። ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

"እንግዲህ ምን ብዬ ልጻፍለት?" አለች ኔቲ።

ማክሰኞ ትልቁ ቡድን ወሰደው። ዓርብ ጋዜጣው ግሬንቪል ማክራይን እንዳሰናበተች በሁለት መስመር አወጣ። ሎርን ቆርጦ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ከተተው።

በትልቁ ሊግ አሥራ አንድ ጨዋታ አደረገ፤ በእነዚያ ውስጥ አራት ጊዜ ተደባደበ። እዚያ አንቱ የሚለውም የሚባለውም ሰው አልነበረም። በአሥረኛው ጨዋታ ከተከላካዮቹ ሁለቱ ተጎድተው ሦስተኛው ጉንፋን ያዘው፤ ሌላ ሰው ስለጠፋ ሎርን አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ተጫወተ። ያቀበላቸው ሁለት ፓኮች ጎል ሆኑ። ጋዜጣው ስሙን "ደንችክ" ብሎ ጻፈው። የትልቁ ቡድን አሰልጣኝ ከጨዋታው በኋላ ወረቀት ይዘው መጡ።

"ማቀበል ትችላለህ እንዴ?"

"እችላለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"የጠየቀኝ የለም።"

አሰልጣኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፈው ሄዱ።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ለአዲሱ የውድድር ዓመት ወደ ትልቁ ቡድን ማሠልጠኛ ካምፕ ሲጓዝ፣ የአባቱን ፒክአፕ እየነዳ በግሬንቪል በኩል ዞረ። የማክራይ ቤት ሐይቅ ዳር ነው። ማክራይ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ማዕበል ያፈረሰውን የጀልባ ማቆሚያ ጣውላ ሊያቃና ይታገላል። ከቀኝ እጁ ጣቶች ሁለቱ አይታጠፉም፤ መዶሻ የሚይዘው በግራው ነው።

"ለይቅርታ ከመጣህ እናትህ ቀድማሃለች" አለ ከውሃው ሳይወጣ።

"ምን ብላ ጻፈች?"

"እሱ የኔና የሷ ጉዳይ ነው። ያንን ምሰሶ ያዝልኝ።"

ሎርን ጫማውን አውልቆ ከነሱሪው ገባ። ውሃው ይቀዘቅዛል። አንዱ ምሰሶውን አቅፎ፣ ሌላው እየመታ፣ እስከ አሥር ሰዓት ሠሩ። ማክራይ ከመስከረም ጀምሮ የተማሪዎች አውቶብስ ሊነዳ ነው። "ልጆቹ ሲረብሹ ዞር ብዬ አያቸዋለሁ" አለ። "ፊቴ ጠቀመኝ።" ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ሚስማር በአፉ ይዞ፣ "አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ተጫወትክ አሉ" አለው።

"ሰው ጠፍቶ ነው።"

"ሁልጊዜ ሰው ጠፍቶ ነው። ያዝ፣ አታዘንብለው።"

የማክራይ ሚስት ዶሪን፣ ሎርን ከመጣ ጀምሮ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየችው ነበር። አልወጣችም፤ ሎርን እጁን ቢያነሳላትም አላነሳችም። ሥራው አልቆ ከውሃው ሲወጡ ግን በሩ ተከፈተ። ዶሪን የታጠፈ የባሏን ሱሪ ይዛ ሣሩን አቋርጣ መጣችና ሰጠችው።

"ያጥርሃል" አለችው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"እርጥብ ለብሰህ አትነዳም" አለችና ተመልሳ ገባች።

ሎርን መኪናው ጀርባ ሱሪውን ለወጠ። እውነትም ያጥረዋል። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር በዚያው ነዳ፤ በማግስቱ ጠዋት ካምፑ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ቀጥሎ ፊቱን አየና ስሙን ጠየቀው። ሎርን ነገረው። ዘበኛው ዝርዝሩን በጣቱ እየወረደ ፈለገ። ስሙ ነበር፤ በትክክል ተጽፎ፣ ከተከላካዮቹ ስር።